በጥድፊያ የታሸገ ጣሪያ

ጊዜ ሳይፈጠር የነበረ፣ ጊዜም ሲያልፍ የሚኖር፣ በግድግዳ ውስጥ የተሰወረውን ብሎን ከሰማይ ከዋክብት ጋር አንድ አድርጎ የሚቆጥር አምላክ ይህን ነገር ከመሆኑ በፊት ያውቀው ነበር። እኛ የሰው ልጆች ግን ያወቅነው ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም ሊመለስ በማይችልበት ሰዓት።

ኦርቫ ላምብራይት በአሜሪካ በኢንዲያና ምድር በላግራንጅ አውራጃ የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው በሚኖሩ ክርስቲያኖች በአሚሽ ማኅበር ያለ ሰው ነው። መኪና አይነዳም፤ ማኅበሩ አይፈቅድለትም። ይሁን እንጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁ ሲሠራ የኖረው በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤት ነው፤ አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም በውስጡ ያለ፣ ጡረተኞች ከኋላቸው አስረው አገር የሚያዩበት ቤት። ከሠራቸው ሁሉ በአንዱ ውስጥ እንኳ አድሮ አያውቅም። መንገድ ቤትን እንዴት እንደሚንጥ፣ ነፋስ ጣሪያን ከየት በኩል እንደሚፈለቅቅ በጆሮው ሰምቷል እንጂ በጎኑ አልቀመሰውም።

የፋብሪካው ልማድ እንዲህ ነበር፤ ሥራው ጎሕ ሳይቀድ ይጀመራል፣ ቡድኑ የዕለቱን ቁጥር በጨረሰበት ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀትር ላይ የጨረሰ ቀትር ላይ ይሄዳል። እርሻና ከብት ላለው ሰው ይህ በረከት መስሎ ይታያል። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚራመድ ሰው የለም፤ ሁሉም ይሮጣል።

በግንቦት ወር ዐርብ ቀን፣ የኦርቫ ድርቆሽ ታጭዶ በማሳው ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የቀረው አንድ ተሳቢ ቤት ብቻ ነበር፤ በጎኑ ላይ አረንጓዴ መሥመር የተሰመረበት፣ በዚያ ወር ብቸኛው። ኦርቫ ጣሪያው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ሕጉ ብሎኑ በየአራት ጣቱ እንዲገባ፣ ማሸጊያው ሲሊኮን ሁለት ጊዜ እንዲቀባ ነው።

«ኦርቫ!» አለ የቡድኑ መሪ ፍሎይድ ከታች ሆኖ። «ጣሪያውን ልታሽገው ነው ወይስ ልታገባው? እንደ ሙሽራ አታሻሸው እንጂ!»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ድርቆሽህን ዝናብ ሲያጥብልህ ላሞችህ ሲሊኮን ይበሉልሃል!»

ኦርቫም ሳቀ። ቀና ብሎ በትልቁ በር በኩል ሰማዩን አየ። ከዚያም ብሎኑን አንዱን ቀዳዳ እየዘለለ አስገባ፤ ሲሊኮኑን አንድ ጊዜ ቀባ፤ በላዩ ላይ ነጩን የቆርቆሮ ክፈፍ ጫነበት። ክፈፉ ሁሉን ሸፈነ። ተቆጣጣሪው ከመሬት ሆኖ አንጋጦ አየና ምልክቱን አደረገ። ድርቆሹም ሳይረጥብ ገባ። ኦርቫ በዚያ ምሽት በማዕድ ፊት አንገቱን ደፍቶ ስለ ድርቆሹ አመሰገነ።

በሰኔ መጨረሻ ጎረቤቱ ዴኒ ኬስለር አንድ ተሳቢ ቤት በፒካፑ እየጎተተ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ኦርቫ ግቢ ገባ። ዴኒ ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ የወተት መኪና ሾፌር። ሃያ ሁለት ዓመት የኦርቫን ቤተሰብ ወደ ሆስፒታልም ወደ ሠርግም ወደ ቀብርም በመኪናው ሲያመላልስ ኖሯል። ሚስቱ ኖርማ በፒካፑ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከአፍንጫዋ ሥር ቀጭን የአየር ቱቦ ተሰክቷል። ሳንባዋን ካንሰር ይዞታል። ሐኪሙ ከመስከረም አታልፍም ብሏል። አውሮፕላን ተከልክላለች፤ እኅቷ ሩቢ ደግሞ በአገሩ ምዕራብ ጫፍ በኦሪገን በባሕሩ ዳር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት፣ ከደጇ አትወጣም። ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ አልጋዋን የሚሸከም፣ የአየር መሣሪያዋንም በኤሌክትሪኩ የሚያሠራ ቤት ጎትቶ መሄድ።

«እንደምን ዋልሽ ኖርማ» አለ ኦርቫ ባርኔጣውን አውልቆ።

«እስካሁን አለሁ» አለች። «ሩቢ ጋ ሳልደርስ አልሞትም። የእናታችንን የፖም ኬክ አዛብታ ነው የምትጋግረው። በስልክ ሠላሳ ዓመት ነገርኳት፣ አልሰማ አለች። ፊቷ ቆሜ ላርማት ነው የምሄደው።»

«ሰውን በዚህ ሁሉ መንገድ ለስድብ!» አለ ዴኒ።

«ለእርማት ነው አልኩህ። አንተን አርባ ዓመት ሳርምህ ኖሬ የለ? ታዲያ ሰው ሆንክ እንዴ?»

ዴኒ ሳቀና የኦርቫን ክንድ ይዞ ወደ ተሳቢው ጎን ወሰደው። አረንጓዴ መሥመር ነበረበት።

ኦርቫ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ጫፍ አነሣ።

«ሻጩን ምን አልኩት መሰለህ? ‹ከኦርቫ ፋብሪካ የወጣውን ካልሆነ አልገዛም› አልኩት። እንግዲህ ንገረኝ፤ አንተ ነህ የሠራኸው። ደህና ነው? ኖርማን ያደርስልኛል?»

በዚያች ቅጽበት በኦርቫ አፍ ውስጥ ቃሉ ነበረ፤ «ሁለት ቀን ተወው፣ ጣሪያውን ልይልህ» የሚል። ይሁን እንጂ ሕፃን ሳለ ከተማረው ትሕትና በታች ሌላ ነገር ተደብቆ ነበር። ወንድሞቹ አብረው የደከሙበትን ሥራ በባዕድ ፊት ማንቋሸሽ ነውር መሰለው። የራሱንም ስንፍና በኖርማ ፊት ለመናገር አፈረ። ደግሞስ፣ አለ በልቡ፣ ስንቱ እንዲህ ተሠርቶ ሄዶ ምን ሆነ? አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ።

ዴኒ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ያወቀ መስሎታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የኦርቫን ጎተራ ሲያደንቅ፣ የሠራውን ጠረጴዛ ሲያመሰግን፣ ኦርቫ ሁልጊዜ ዝም ብሎ ጫማውን ያይ ነበር። በእነሱ ዘንድ ምስጋናን የሚቀበል ሰው እንዲህ ያደርጋል።

«ኖርማ! አየሽው?» ብሎ ጮኸ ዴኒ በደስታ። «ጫማውን አየ! ኦርቫ ጫማውን ካየ ነገሩ ምርጥ ነው ማለት ነው!»

«እንግዲያው ተነሥ እንሂድ» አለች ኖርማ። «ሩቢ ዱቄቱን ሳታበላሽ።»

የኦርቫ ሚስት ዊልማ አንድ ማሰሮ የፖም ማርማላታ አምጥታ በኖርማ ጉልበት ላይ አኖረችላት። ከበሩ እስኪወጡ ድረስ ኦርቫ ቆሞ ቀረ። እጁን እንኳ አላወዛወዘም።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን፣ ማኅበሩ ስልክን በቤት ውስጥ ስለማይፈቅድ በማሳው ጫፍ በተሠራችው የስልክ ጎጆ ውስጥ የመልእክት መቅጃው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ኦርቫ ቁልፉን ተጫነ።

«ኦርቫ፣ ዴኒ ነኝ። ነብራስካ ነን፤ መንገዱን ገና አላጋመስንም። ኖርማ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች። ለዊልማ ንገራት።» የዴኒ ትንፋሽ ተሰማ። «በሦስተኛው ቀን ዝናብ መታን። ጣሪያው አፈሰሰ። አልጋው ላይ... ኤሌክትሪኩም ጠፋ፣ መሣሪያዋም ቆመ። እስከ ሆስፒታል አደረስኳት። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛች። በቃ ይኸው ነው። ለዊልማ ንገራት።»

ኦርቫ መልእክቱን ሁለተኛ አልሰማውም። በጎጆዋ ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ዊልማ መጥታ እስክታገኘው ድረስ አልተነሣም።

ከቀብሩ በኋላ ከገበሬዎቹ መካከል ወደተመረጡት ወደ ማኅበሩ ጳጳስ ወደ ሜኖ ሽሙከር ሄደ። ሽማግሌው የፈረስ ልጓም እየጠገኑ ነበር። ኦርቫ ሁሉን ነገራቸውና በምእመናን ፊት ተንበርክኮ ሊናዘዝ እንደሚሻ ለመናቸው።

ሜኖ ልጓሙን ከጉልበታቸው አወረዱ። «በእኛ ፊት ብትንበረከክ ይቀልሃል» አሉት። «እኛ እናውቅሃለን፤ እጅህን ይዘን እናነሣሃለን፤ ሰኞ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። የበደልከው ሰው ግን እኛ አይደለንም። አስቀድመህ ወደ እሱ ሂድ።»

«ምን ብዬ ልንገረው፣ ምን ብዬ?»

«ያን ጊዜ ልትለው የነበረውን በለው።»

ኦርቫ ግን ሁለት ወር ያህል አልሄደም። በየማለዳው በብስክሌቱ ወደ ሥራ ሲወርድ የዴኒን ቤት ላለማየት ፊቱን ወደ በቆሎው ማሳ ያዞር ነበር። ብሎኑን በየአራት ጣቱ ማስገባት ጀመረ፤ ፍሎይድ ሲቆጣ አይመልስም። ይህ ግን ለኖርማ ምን ይጠቅማታል?

በመስከረም አጋማሽ ዴኒ ራሱ መጣ። ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«ኦርቫ፣ እርዳኝ» አለ። «ኩባንያውን ጠየቅሁት፤ ‹በአያያዝህ ነው፣ አዘንብለህ አቁመኸው ነው› አለኝ። እኔ ነኝ ወይ ያጠፋሁት? እንቅልፍ አጣሁ። ወጥተህ እይልኝ። አንተ ታውቀዋለህ።»

በዴኒ ግቢ ተሳቢው ቤት በጠጠሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከግድግዳው የሻጋታ ሽታ ይወጣል፤ ስሱ ጣውላ ውኃ ጠጥቶ ሆዱ ተነፍቷል። ኦርቫ መሰላል አቁሞ ወጣ። ነጩን ክፈፍ በመፍቻ አላቀቀው። ከሥሩ ቀዳዳዎቹ በተራ ታዩ፤ አንዱ ብሎን ያለበት፣ ቀጣዩ ባዶ፤ እንደገና አንዱ ብሎን ያለበት፣ ቀጣዩ ባዶ። በባዶዎቹ በኩል ውኃ የሄደበት ጥቁር መሥመር ወደ አልጋው ወርዷል።

«ምን አገኘህ?» አለ ዴኒ ከታች መሰላሉን እንደያዘ።

ኦርቫ ጫማውን ለማየት አንገቱ ሲደፋ ተሰማውና ቀና አደረገው። የዴኒን ዓይን አየ።

«አንተ አይደለህም» አለ። «እኔ ነኝ። ግማሹን ብሎን ትቼዋለሁ። ዝናብ መጣብኝ፣ ድርቆሼን ላስገባ ቸኮልሁ። አረንጓዴ መሥመር ያለው እሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን ስትጠይቀኝ አውቄዋለሁ።»

ዴኒ መሰላሉን ለቀቀ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ጠየቅሁህ እኮ።»

«ጠይቀኸኛል።»

«እሷ ፊት ጠየቅሁህ። ምነው፣ ‹ሰነፍ ነኝ› ባትል እንኳ፣ ‹ዛሬ አትሂድ› አትለኝም ነበር? ለመጠገን ስንት ቀን ይወስድብህ ነበር?»

ኦርቫ ከመሰላሉ ወረደ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ሳምንት ቢል፣ የዴኒ ሐዘን ትንሽ ይቀልለት ነበር።

«ግማሽ ቀን» አለ።

«ግማሽ ቀን!» አለ ዴኒ። «በሆስፒታል ዐሥራ አንድ ቀን ‹ሩቢ ጋ ደረስን ወይ› እያለች ጠየቀችኝ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ‹አዎ ደርሰናል› አልኳት። ‹ታዲያ ለምን ኬኩ አይሸትም?› አለችኝ።»

ኦርቫ ባርኔጣውን አውልቆ በጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። በማኅበሩ ሥርዓት የተናዘዘ ሰው በራሱ አይነሣም፤ የበላዩ ቀኝ እጁን ይዞ «በጌታ ስም ተነሥ» እስኪለው ድረስ ይጠብቃል። ዴኒ ይህን አያውቅም ነበር። የተንበረከከውን ሰው አይቶ ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።

የተሳቢው ቤት ጥላ እስከ አጥሩ ተዘረጋ። ጠጠሩ በኦርቫ ጉልበት ሥጋ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ ዴኒ የወጥ ቤት ወንበር ይዞ ወጥቶ ከፊቱ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው የምትጠብቀው?» አለው።

ኦርቫ ሥርዓቱን ነገረው።

ዴኒ ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «አልችልም ኦርቫ» አለ። «ልዋሽህ አልፈልግም። ዛሬ አልችልም። ነገም እንጃ።»

«አውቃለሁ።»

«ይልቅ ተነሥ፤ ጉልበትህ አርጅቷል።»

«በራሴ መነሣት አይገባኝም።»

«እንግዲያው እቀመጣለሁ» አለ ዴኒ። «መቀመጥ እችላለሁ።»

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። አንድ ጊዜ ዴኒ አለቀሰ፤ ኦርቫ ቀና ብሎ አላየውም። በመጨረሻ ዊልማ ላሞቹ አልታለቡም ልትል በማሳው በኩል መጣች። በባሏ ብብት ሥር ገብታ አነሣችው። ያነሣው ግን የሚገባው የዴኒ እጅ አልነበረም፤ እሱም እሷም ያውቁታል።

በጥቅምት ማኅበሩ ለቅዱስ ቁርባን ሲሰበሰብ፣ ኅብስቱ በኦርቫ ተራ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀና ሳይቀበል አሳለፈው፤ ከወንድሙ ጋር ያልታረቀ አይቀበልምና። በሚያዝያም እንዲሁ አሳለፈው። ለዴኒ ይህን ማንም አልነገረውም። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ ወንበሩን ይዞ እስከ ድንበሩ አጥር ይመጣል፤ ኦርቫም በወዲያኛው በኩል ይቀመጣል። ስለ አየሩ እንኳ አይነጋገሩም።

አንተ አንባቢ ሆይ፣ አንቺም አንባቢ፤ የሰማይና የምድር ጌታ ቤታችሁን ከማይታይ ቀዳዳ ይጠብቅላችሁ፤ የምትወዷቸውን ወደሚሹት ደጅ በሰላም ያድርስላችሁ፤ ስትጠየቁም እውነትን በሰዓቱ የምትናገር አንደበት፣ የወደቀውን የምታነሣ እጅ ለልጅ ልጆቻችሁ ይስጥ። አሜን።