ሦስተኛው ተራ

ዛሬ ጠዋት አካፋዬን ይዤ የማሳዬ የውሃ በር ላይ ተቀመጥኩ። የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ተራዬ ደርሷል፣ ግን አልከፍትም። ሳልከፍት ስቀር ይህ ሦስተኛዬ ነው። በእኛ መስኖ ሕግ ደግሞ ሦስት ተራ በተከታታይ ያላጠጣ ሰው የውሃ መብቱን ያጣል፣ ድርሻው ለቀጣዩ ጎረቤት ይሰጣል። ሕጉን ያወጣው የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የገዛ አጎቴ ነው።

ቀጣዩ ጎረቤቴ ማን መሰላችሁ? ጥማት። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ውሃ ስለማይጠግብ እኛ ነን ጥማት ያልነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድርሻዬን ሲቋምጥ ኖሯል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ወር ነው። የመስኖ ቢሮው መሐንዲስ አዳራሽ ሰበሰበንና ከእርሻችን የሚወጣው ጨው ወንዙን እንዳበላሸው፣ ከታች ያለው ከተማም ውሃውን መጠጣት እንዳቃተው ነገረን። ወይ ጨው የሚያጣራ ፋብሪካ ይተከላል፣ እሱ ደግሞ ዋጋው ራስ ያዞራል፤ ወይ የታችኛው ሠላሳ ማሳ ከመስኖ ይወጣል አለ። የእኔም የጥማትም ማሳ ከሠላሳው ውስጥ ነው። ደሜ ፈላ።

"ፋብሪካም አያስፈልግ፣ እኛንም መንቀል አያስፈልግ" አልኩ ብድግ ብዬ። "ጨዉ ከመሬት ሥር ተኝቶ ነበር። ተራ እንዳያልፈን ብለን እርጥብ መሬት ላይ ውሃ እየለቀቅን የቀሰቀስነው እኛ ነን። የሰብሉ ሥር ያልጠጣው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ጨዉን ያጥብና ማፋሰሻው ቦይ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ወንዝ ነው። መሬቱ ሲጠማ ብቻ ብናጠጣስ?"

"መጠማቱን በምን ታውቂያለሽ? ጠርቶ ይነግርሻል?" አለ አጎቴ።

"አካፋ አለኝ። ቆፍሬ አፈሩን እጨብጠዋለሁ። ከያዘ ውሃ አላስነካውም፣ ከተበተነ አጠጣለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቀው መሐንዲሱ ብቻ ነው።

"ጨዉ ማሳሽ ላይ ቢከማችስ?" አለኝ።

"ሲያስፈልግ በዓመት አንዴ ይታጠባል። በየአምስት ቀኑ ተራ በደረሰ ቁጥር ምን ያሳጥበዋል?"

በማግስቱ ማሳዬ ድረስ መጣ። ከማፋሰሻ ቱቦዬ የሚወጣውን ውሃ በጨው መለኪያው ለካው፣ ከቱቦው ሥር ባልዲ አስቀምጦም ቆጠረ። አሥር ሲል ባልዲው ሞላ። ያንን ጽፎ ሄደ፤ እኔም የውሃ በሬን ቆለፍኩ።

ከሁለተኛው ተራ በኋላ ማሳዬ ውስጥ ያልቆፈርኳቸው ጉድጓዶች አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ጥማት ድርሻዬ ሳይደርሰው መሬቱንም ሊወርስ እየለካ ነው ብዬ እርር ድብን አልኩ።

ዛሬ እንግዲህ ሦስቱም መጡ። አጎቴ መዝገቡን በብብቱ ይዟል፣ መሐንዲሱ መለኪያውን፣ ጥማት ደግሞ እጁን ኪሱ ከቷል። አጎቴ መለኪያውን ከመሐንዲሱ እጅ ቀምቶ ራሱ ቱቦው ሥር ያዘው። ፊቱ በራ።

"ይኸው! ጨዉ እጥፍ ሆኗል! አካፋሽ ያመጣው ይህን ነው!"

"ባልዲውንስ ማን ይቁጠርልኝ?"

"ባልዲ ደግሞ ምን ቤት ነው?"

"አጎቴ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር በስኒ ሻይም በማሰሮ ውሃም ቢሟሟ ያው አንድ ማንኪያ ነው። ጣዕሙን ብቻ አይንገሩኝ፣ ስንት እንደሚፈስ ይቁጠሩ!"

መሐንዲሱ ባልዲውን አስቀመጠና ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። አሥር። ሃምሳ። አጎቴ እግሩን እየቀያየረ ቆመ። መቶ ሲል ባልዲው ሞላ።

"ጨዉ እጥፍ፣ ውሃው አንድ አሥረኛ" አለ መሐንዲሱ። "ወደ ወንዙ የሚገባው ጨው ከበፊቱ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ያለ ፋብሪካ።"

"ሕግ ሕግ ነው!" አለ አጎቴ። መዝገቡን ገለጠ። "ሦስተኛ ተራ፣ አላጠጣችም። ድርሻዋ ለቀጣዩ ተላልፏል። ጥማት፣ ና ፈርም።"

ልለምነው ቃጣኝ፣ አልዋሽም። ያን መሬት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ቢሆንም ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም።

ጥማት አልተንቀሳቀሰም።

"አልፈርምም፣ ጋሼ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ማሳዋን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ቆፈርኩ፣ አላመንኩም፣ አራተኛም ደገምኩ። ውሃ ካየ ይህን ያህል ቀን ሆኖትም አፈሩ አሁንም ይጨበጣል። ከዚያ ሄጄ የራሴን ቆፈርኩ።"

"እና?"

"ጭቃ ነው። ሃያ ዓመት ጭቃ ሳጠጣ ነው የኖርኩት። የዛሬ ተራዬንም አልከፍትም።"

አጎቴ አንዴ መዝገቡን፣ አንዴ ጥማትን፣ አንዴ እኔን አየ። ውሃ ጠግቦ የማያውቅ ሰው ውሃ አልፈልግም ሲል የሚሞላ ሰንጠረዥ መዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

"እስቲ ያን አካፋ አውሺኝ" አለኝ በመጨረሻ። "የራሴን ልየው።"

አካፋውን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁት።

"መጀመሪያ ሕጉን ይሰርዙ፣ አጎቴ። እስክሪብቶው እጅዎ ላይ ነው።"