ሁለተኛው ሄልሜት

እኔ ሰው ሲከራከረኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። ሥራዬ ደግሞ ሞተር ሳይክል መሸጥ ነው፤ እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው። ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ዳር፣ ሳሊሃ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ "የመጨረሻው ስንት ነው?" እባላለሁ። የመጨረሻውን ስነግራቸው "የመጨረሻው መጨረሻስ?" ይሉኛል።

ገዢዎቹም አይፈረድባቸውም። የሳሊሃ ዋጋ ሁለት ነው፤ አንዱ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው፣ ሌላው ገዢው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ብቅ የሚለው። የመገጣጠሚያ፣ የማጓጓዣ፣ የሰሌዳ ማስፈጸሚያ እያለች ትጨምርበታለች። አንዱ ገዢ "ሳይገጣጠም የሚሸጥ ሞተር አለ እንዴ?" ቢላት "ከፈለግህ በካርቶኑ ውሰደው" ብላዋለች።

በዚያ ሳምንት ግን ልቤ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። እሁድ ሽማግሌ ልልክ ነው። ልጅቷ ደራርቱ ትባላለች፤ ሰበታ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከእሷ ሌላ ሴት ላላይ ከራሴ ጋር ከተማማልኩ ቆየሁ። የምፈራው አባቷን፣ ኦቦ ቦጂያን ነበር። ከሰበታ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፎቷቸውን በስልኳ አሳይታኛለች። "አባዬ ሰው የሚመዝነው ገበያ ላይ ነው፤ አንዴ ሌባ ነው ካለ አይመለስም" ብላኛለች። እሳቸው ግን እኔን አይተውኝ አያውቁም።

ሐሙስ ጠዋት ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ፎቶው ተነስቶ የመጣ መሰለኝ። ኦቦ ቦጂያ ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ ያ ጉርባ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

"ፈያዳ፣ ገለቶማ! ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ!" ብዬ ወንበር ሳብኩ፣ ውኃ አመጣሁ። ሳሊሃ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ለገዢ ወንበር ስስብ አይታ አታውቅም።

ኦቦ ቦጂያ አልተቀመጡም። ቀዩን ሞተር ዞር ዞር ብለው አዩት። "ወተት እዚህ ለማመላለስ ነው። አህያዬ አርጅታለች፤ እኔም ከእሷ አልሻልም። ስንት ነው?"

ነገርኳቸው።

"ውድ ነው" አሉ፣ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ። ይሄ እንደ ሰላምታ ነው፤ ማንም ይለዋል። እኔ ግን ፊታቸው ላይ ደራርቱን አየኋት፤ ያው ቅንድብ፣ ያው አፍንጫ። አላስቻለኝም።

"ለአንቱ አምስት ሺህ እቀንሳለሁ" አልኩ።

"እንዴ!" አሉ።

"የመገጣጠሚያም አይከፍሉም።"

ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"የማጓጓዣውም ይቅር። ሰሌዳውን እኔው ሮጬ አስጨርስልዎታለሁ።"

ይደሰታሉ ስል ፊታቸው ጠቆረ። ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱን ጎተቱ፤ የነዳጅ ታንከሩን ከፍተው አሸተቱ፤ የፊት መብራቱን እንደ በሬ ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገልጠው ጥርስ ሊያዩ ሞከሩ።

"ይሄ ሞተር ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

"ምንም! አዲስ ነው!"

"ልጄ፣ እኔ በከብት ገበያ ነው ያረጀሁት። ባለቤቱ ሳይለመን ዋጋ የሚያወርድለት በሬ ወይ እርሻ ላይ ይተኛል፣ ወይ ይዋጋል። ሰው ጤነኛ ከብቱን እየተሟገተ ነው የሚሸጠው።" ከዘራቸውን አነሱና "ነጋቲ" ብለው ተሰናብተውኝ ወጡ።

በቁሜ ደረቅሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ሞተሩ ባይሸጥ ይቅር፤ እሁድ ሽማግሌዎቼ "ልጁ ሞተር ቤት ይሠራል" ሲሏቸው "ያ የታመመ ሞተር ሊያሸክመኝ የነበረው?" ይላሉ፤ ደራርቱን አጣኋት ማለት ነው። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ሕዝቅያስ! ምን ነካህ?" አለች ሳሊሃ። "የእኔን ገንዘብ ነው እንዴ እንደ ሰደቃ የምታድለው?"

መልስ ሳልሰጣት ሮጬ ወጣሁ። ሽማግሌው ባጃጅ ተራው ጋ ደርሰዋል።

"አባቴ! ያልኩዎትን ዋጋ ይርሱት!" ብዬ ጮህኩ። "አምስት ሺውን አልቀንስም! የመገጣጠሚያም ይከፍላሉ!"

የባጃጅ ሹፌሮቹ ዞረው አዩኝ፤ ገዢ እያባረረ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ አይተው አያውቁም። ኦቦ ቦጂያ ቆሙ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ።

"የመገጣጠሚያ ብሎ ነገር ምንድን ነው?" አሉ፣ እየተመለሱ። "እኔ በሬ ስሸጥ የእግር መትከያ አስከፍላለሁ?"

"ሞተሩ ተበታትኖ ነው የሚመጣው!"

"የማጓጓዣስ?"

"ታዲያ ከወደብ እስከዚህ በእግሩ መጣ?"

"የእኔ በሬ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ፤ ለጫማዬ አስከፍዬ አላውቅም!"

እየተነታረክን ሱቁ ገባን። ሳሊሃም ተደረበች። እውነቴን ነው፣ ደሜ ፈልቶ የማን አባት እንደሆኑ ረሳሁ። ሦስት ጊዜ ተነስተው በር ድረስ ሄዱ፤ አልጠራኋቸውም፤ ራሳቸው ተመለሱ። በመጨረሻ የመገጣጠሚያው ተነሳ፣ የማጓጓዣው በግማሽ ቀረ፣ የሰሌዳው ግን ጸና። መጀመሪያ በነፃ የሰጠኋቸውን ግማሹን እንኳ አላገኙም፤ ግን ላባቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

"ሄልሜትስ?" አሉ።

"አንድ በነፃ።"

"ሁለት ነው እንጂ! ወንበሩ የሁለት ሰው ነው። ልጄን ሥራዋ ሳደርሳት ከኋላ የምትቀመጠው እሷ ናት። የእሷ ጭንቅላት የማን ነው?"

የማን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከመደርደሪያው አውርጄ በሁለት እጄ ላስረክባቸው ምንም አልቀረኝም። ግን አሁን እሺ ካልኩ እንደገና የሞተሩን ጥርስ ሊፈልጉ ነው።

"ሁለተኛው በገንዘብ ነው" አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

"አንተ ጨካኝ ነህ" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። መዳፌን በመዳፋቸው መቱትና ተስማማን። ሞተሩን አይሱዙ ላይ አስጭነው፣ ሁለተኛውን ሳይገዙ የነፃውን ሄልሜት ራሳቸው ላይ አጥልቀው፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ሄዱ።

እሁድ አጎቴ አቶ አበራ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከቡራዩ መጡ። እነሱ ወደ ኦቦ ቦጂያ ቤት ሲገቡ እኔ እንደ ወጉ ርቄ መንገድ ዳር ቀረሁ። እዚያ ቆሜ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ሲመለሱ የአጎቴ ፊት ልክ አልነበረም።

"እምቢ አሉ" አሉኝ። "በመጀመሪያው ቀን እምቢ ማለት ወጉ ነው፤ የእሳቸው ግን ባሰ። ስምህንና ሥራህን ስንነግራቸው 'ያ ቀጭኑ?' ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ኮስተር ብለው አይሆንም አሉን። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ያልገባኝን ነገር አመጡ።"

"ምን አሉ?"

"'ተመልሳችሁ ስትመጡ ሁለተኛውን ሄልሜት ይዛችሁ ኑ፤ ያኔ እንነጋገራለን።' የምን ሄልሜት ነው ልጄ?"

አጎቴን አንገታቸውን አንቄ ሳምኳቸው፤ ባርኔጣቸው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ደራርቱ ናት፤ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባታል።

"ሰማህ? እምቢ አለ!" አለችኝ። "'ቶሎ ብሰጣቸው ልጅቷን ምን ነካት ብለው ይጠረጥራሉ' ይላል!"

ሰኞ ጠዋት ሳሊሃ ሱቁን ስትከፍት በር ላይ ጠበቅኋት። ከመደርደሪያው ላይ ምርጡን የሴት ሄልሜት አወረድኩና የተለጠፈበትን ዋጋ ሙሉውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። የመጨረሻው ስንት ነው አላልኩም።

ሳሊሃ ገንዘቡን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ሄልሜቱን ከእጄ ነጥቃ ብርሃን ወዳለበት ወሰደችውና እያገላበጠች ስንጥቅ ትፈልግበት ጀመር።