የቡሬ ግድግዳ

ለጢፋ ድመቷን ከእንግዳ አስበልጣ ትይዛለች እየተባለ በበቾ ቦሬ ይታማ ነበር። ሐሜቱ ደግሞ እውነት ነው። ለቡሬ ሳንባ ከሉካንዳ ይመጣል፤ ሳይቀቀል አይሰጣትም። የምትተኛበት ጆንያ ፀሐይ በወጣ ቁጥር አጥር ላይ ይሰጣል። ቁንጫ እንዳይገባ ቤቱ በቀበሪቾ ይታጠናል፤ ያን ጊዜ ቡሬ ጭሱ እስኪወጣ ደጅ ትቆያለች። የምትጸዳዳበት አመድም ሳይሸት ተነሥቶ ከጎመኑ መደብ ራቅ ብሎ ይቀበራል። «እንግዳ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ አይጥ ግን ቤተኛ ነው» ትላለች ለጢፋ፣ ሰው ሲስቅባት።

እንዲህ የሆነችው ግን ወድዳ አይደለም። አምና በነሐሴ የወባ መድኃኒት ሲረጭ ሻሽ የሚባል ነጭ ድመት ነበራት። ሻሽ እንደ ልማዱ ግድግዳውን እየታከከ አለፈ፣ እንደ ልማዱም ቁጭ ብሎ ጸጉሩን ላሰ። በማግሥቱ ጆሮው ይርገበገብ ጀመር፤ ቀጥሎ እግሩ ከዳው። ወተት መርዝ ይሰብራል ሲባል ነው ያደገችው፤ ከነቅባቱ አሞቀችና ሰጠችው። ሻሽ ወተቱን ከጠጣ በኋላ ይባስ ብሎ ተንፈራገጠና ጭኗ ላይ ሞተ። የሠፈሩ ድመቶች አብዛኞቹ በዚያው ወር አለቁ። ከዚያማ አይጡ ቤቱን ተረከበው። በቆሎውን ጨረሰ፣ ጆንያውን ሸነተረ፤ አንድ ቀን ንጋት ላይ የልጅ ልጇ ፈድሊያ ስትጮህ ለጢፋ ብርድ ልብሱን ብትገልጠው የሕፃኗ ጆሮ በደም ርሷል። አይጥ ነው የበላት። የፈድሊያ እናት ልጇን ለእናቷ አደራ ሰጥታ አጋሮ ቡና ልትለቅም የሄደች ናት፤ ለጢፋ ያን ቀን ያፈረችውን ዕፍረት እስከ ዛሬ አልረሳችውም። በሳምንቱ አጋሮ ድረስ ሄዳ ቡሬን በቅርጫት ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ቡሬ ራሷ ገና ጡት መጣሏ ነበር። አሁን ሦስት ልጆች ወልዳለች።

እናም ነሐሴ ተመልሶ መጣ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጧት ጀምሮ ጆሮ ሲበላ ዋለ። «ነገ ከምሳ በኋላ የወባ መድኃኒት ይረጫል። ዕቃ ይውጣ፣ ምግብ ይከደን። ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን ያጠበ፣ በእበትም ሆነ በጭቃ የለቀለቀ፣ በአሻጥረኝነት ይጠየቃል።» በዚያ ዘመን «ይጠየቃል» ማለት ጠይቀው ይለቁሃል ማለት እንዳልሆነ ሕፃንም ያውቀዋል።

ለጢፋ በልቧ የያዘችው ግን ይህንኑ ነው፦ ማስረጨት፣ ከዚያ መለቅለቅ።

«አዴ ለጢፋ» አለቻት ጎረቤቷ አጸደ፣ እንደ አገሬው «እናቴ» ማለቷ ነው፣ በአጥሩ ክፍተት። አጸደ ከከምባታ አገር ከባሏ ከኤርሲዶ ጋር መጥታ እዚህ የሰፈረች ናት። ሁለቱ ሴቶች እሳት የሚጫጫሩ፣ ልጅ ጥለው ገበያ የሚወርዱ ባልንጀሮች ናቸው። «ነገ ያስረጫሉ አይደል?»

«አስረጫለሁ። ምን ምርጫ አለኝ።»

«ከተረጨ በኋላስ?»

ለጢፋ ጎንበስ ብላ ከጎመኑ መደብ አረም ትነቅል ጀመር። አጸደ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«አምና ለመስቀል ቤቴን ለቀለቅሁ። አገራችን መስቀል መጥቶ ግድግዳው ያላማረ ሴት ሴት አትባልም። መድኃኒቱን በገዛ እጄ፣ በእበት ሸፈንኩት። በጥቅምት ልጄን ታመነን ወባ ወሰደብኝ። የእርስዎ ቤትና የእኔ ቤት ትንኙ አንድ ነው። ከለቀለቁ ሊቀመንበሩ ጎሳዬ ዘንድ እሄዳለሁ። ከኋላዎ ላማዎ አልፈልግም፣ በፊትዎ ነው የምነግርዎ።»

«ለእኔም ልጄ ነበር» አለች ለጢፋ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርዎ።»

ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ገባች ለጢፋ። ግን ነገሩ ተከትሏት ገባ። አጸደ ውሸት አልተናገረችም፤ ደግሞም ቡሬ ከሞተች ያ አይጥ ይመለሳል። ሁለቱም እውነት ሲሆን የሰው ልጅ በየት በኩል ይውጣ?

በማግሥቱ ረጪው ደሬሳ የመድኃኒቱን ጋን በጀርባው አዝሎ፣ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ለጢፋ ዕቃውን ሁሉ አውጥታለች። ቡሬንና ልጆቿን ቅርጫት ውስጥ ከትታ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭና ከኮባው ሥር አስቀምጣቸዋለች። ፈድሊያ ጀርባዋ ላይ ናት። ደሬሳ ፓምፑን ሲገፋ ቤቱ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ነጩ ውሃ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ለጢፋ የደጁን መቃን ይዛ ቆማለች።

ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። ድመት የወለደችበትን ቦታ ሰው ካየባት ልጆቿን ታዛውራለች። ቡሬም ሌሊቱን አንዷን ግልገል በአንገቷ አንጠልጥላ ቆጡ ላይ ወስዳ ደብቃት ኖሯል። ለጢፋ ቅርጫቱን ስትከድን በችኮላ ነበር፤ ሁሉም ውስጥ ያሉ መስሏታል። ከቆጡ ላይ ቀጭን ድምፅ ሲሰማ የቅርጫቱ ክዳን ከነድንጋዩ ተገለበጠ።

«ያዢያት» አለ ደሬሳ ከውስጥ። ማን ይያዛት። ቡሬ በእግሮቹ መሐል ሾልካ ገባች፤ እርጥቡን ግድግዳ ተጠግታ ወደ ቆጡ ወጣች፤ ግልገሏን ነክሳ በዚያው ግድግዳ ወረደች። ስትወጣ አንድ ጎኗ ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ነጭ ሆኗል።

ለጢፋ የራስ ሻሿን ፈትታ ላይዋ ላይ ጣለችና በእቅፏ ጠቀለለቻት። ቡሬ ቧጠጠቻት፣ ነከሰቻት። አልለቀቀቻትም። አንዴ ምላሷን ጎኗ ላይ ካሳረፈች አለቀ።

«አዴ፣ ወተት ይዣለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። አጸደ ናት፤ ጩኸቱን ሰምታ በአጥሩ ሾልካለች። የሞላ ጣሳ ይዛ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ቶሎ ያጠጧት፣ መርዙን ይሰብራል።»

«አይሆንም።»

«ወተት እኮ ነው፣ አዴ።»

«አምና ሻሽን በወተት ነው የጨረስኩት፤ እንደ ጠጣ ነው የባሰበት። ወተቱን አኑሪውና ውሃ አምጪልኝ። ከመደቡ ላይ ሳሙና አለ።»

ሳሙናው ከኅብረት ሱቅ በራሽን የተገኘች፣ የወሩ ብቸኛ ሳሙና ናት። አጸደ ሳሙናዋን አየች፣ ድመቷን አየች፣ ከዚያ ውሃውን ታፈስስ ጀመር። ሁለቱ ሴቶች በኮባው ሥር ተንበርክከው ሳሙናው እስኪሳሳ አጠቧት። ሲጨርሱ የሁለቱም ክንድ በደም ተሸነታትሯል። «የእርስዎ ድመትስ ነብር ናት» አለች አጸደ፤ ለጢፋ ልትስቅ ሞከረችና እንባዋ መጣ።

ያን ሌሊት ቡሬ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከልጆቿ ተለይታ በረንዳ ላይ አደረች። ለጢፋም አጠገቧ። ጆሮዋ አንድ ጊዜ ተርገበገበ፤ ለጢፋ «ያ ረቢ» ብላ ትንፋሿን ያዘች። ጆሮው ቆመ። በማግሥቱ ቀትር ላይ ቡሬ ውሃ ጠጣች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳንባዋን ጠየቀች። ለጢፋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሁለት እጇ አበሰች።

ግድግዳው ግን እዚያው ነው። ድመት ዕድሜዋን ሁሉ ተጠቅልላ አትኖርም። ለጢፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን እንደ ባላጋራ ስታየው ቆየችና አንድ ነገር አስተዋለች። ከነጩ መድኃኒት ሥር፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የጠቆረ የቅባት መሥመር ቤቱን ዙሪያውን ይዞራል። ሻሽና ቡሬ ሲታከኩት የኖሩበት መሥመር ነው። ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ የትንንሽ ጣቶች አሻራ አለ። ፈድሊያ ቆማ ለመሄድ ስትሞክር የምትደገፍበት ነው። ከዚያ በላይ ግድግዳውን ማንም አይነካውም። ትንኝ ስታርፍ የምታያት ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ፣ ከአልጋው በላይ ነው።

ተነሣች። እበት አምጥታ በጭድ ለወሰች፣ እጇን በጨርቅ አሰረች፣ ከመሬት እስከ ጣቶቹ አሻራ ድረስ ብቻ ለቀለቀች። ከዚያ በላይ ያለውን በጣቷ ጫፍ እንኳ አልነካችም። መድኃኒቱ የገደለውን በረሮ ቡሬ እንዳትበላው ጠርጋ ርቃ ቀበረች። እበት ሲመታ ግን ድምፅ አለው፤ ሽታውም አጥር አያውቅም። ከወዲያ በኩል የአጸደ በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ከዚያ እግሯ ወደ ቀበሌው መንገድ ሲርቅ ሰማች።

ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትጥራት? በፊቷ ነግራታለች። ቡሬን ከነልጆቿ ቅርጫት ውስጥ ከትታ፣ እጇን ታጥባ ጠበቀች።

ሊቀመንበሩ ጎሳዬ ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ ገባ። አጸደ ከኋላው ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ መሬት ታያለች። ጎሳዬ ያልደረቀውን እበት በከዘራው ጫፍ ነካ።

«ማን ለቀለቀው?»

«እኔ ነኝ» አለች ለጢፋ።

«ማስታወቂያውን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«አዴ ለጢፋ፣ እኔን ችግር ውስጥ አይክተቱኝ። ይህን ሰምቶ ዝም ያለ ሊቀመንበር ነገ እሱም ይጠየቃል። ለድመት ብለው ነው አሉ። ለድመት ተብሎ ሰው ይሙት?» ወደ አጸደ ዞረ። «አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። የምታውቂውን እዚሁ ተናገሪ፣ ከዚያ ቀበሌ ይዘናቸው እንሄዳለን።»

ለጢፋ ወደ ፈድሊያ አየች። እሷ ከሄደች ፈድሊያ ከማን ጋር ትቀራለች?

አጸደ ቀና አለች። ዓይኗ ወደ ጥግ ሄዶ እዚያው ቀረ። ፈድሊያ ከጆንያው ላይ ተነሥታ ግድግዳውን ይዛለች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ አንድ እርምጃ ሄደች፤ እጇን እበቱ ላይ አሳረፈች፤ ተንጠራራች፤ እጇ ከእበቱ አፋፍ አላለፈም። ከዚያ እንደ ሕፃን ወጉ ያንኑ እጇን አፏ ውስጥ ከተተች።

አጸደ ወደ ሕፃኗ ሄዳ አጠገቧ በርከክ አለች። የእበቱን አፋፍ በመዳፏ ለካች።

«ታመነ ግድግዳ ይዞ ሲቆም እዚህ ድረስ ነበር» አለች።

የታመነን ትንሽ የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ጎሳዬ ነበር።

«ጓድ ጎሳዬ፣ እጅዎን ከዚህ በላይ ያሳርፉ» አለች አጸደ።

ጎሳዬ ከዘራውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ሲያነሣው ነጭ ሆኗል።

«መድኃኒቱ አለ። ለትንኙ የተባለው አልተነካም። ታች ያለው የሕፃን እጅ የሚደርስበት ነው። ስነግርዎ ይህን አላየሁም ነበር፤ አሁን አይቻለሁ። የሚጽፉ ከሆነ እኔም አብሬ ለቅልቄያለሁ ብለው ይጻፉኝ።»

ጎሳዬ መዳፉን ገልብጦ አየው። በካኪው ሊጠርገው ሲል ለጢፋ ፈጠን ብላ ጆግ አነሣች።

«በልብስዎ አይጥረጉት፣ ይታጠቡት። ቤት ልጆች አሉዎት።»

ደጅ ወጥቶ ታጠበ። ሳሙና የለም፤ አመድ ሰጠችው። ሲጨርስ እጁን እያራገፈ «እኔ ያየሁት ግድግዳ ነጭ ነው» ብሎ ሄደ። በአጥሩ ጫፍ ሲያልፍ ዞሮ አላየም።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ለጢፋ የቅርጫቱን ክዳን ከፈተች፤ ቡሬ ወጥታ ያልደረቀውን እበት አሸተተች፣ አልወደደችውም፣ ሄዳ የአጸደን እግር ታከከች። አጸደ ልትሸሽ ፈለገችና ተወችው። በአጸደ ማሕፀን ሌላ ልጅ እንዳለ ለጢፋ እንጂ ሌላ ሰው ገና አያውቅም።

«አዴ» አለች አጸደ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ። «እበቱ ለእኔም ቤት ተርፎዎታል?»