የማይተነፍስ ክዳን

ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣራውን ሲመታ ሺያ ሩሚን ወንበሯን ገልብጣ ወደ ኋላ ዘለለች። የፈላው ወተት የቢሮ ጠረጴዛዋን አጥለቀለቀው፤ ከፊሉ ግራ ክንዷ ላይ አረፈ። ሮጣ ቧንቧ ከፈተችና ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀችበት። ዞር ብላ ስታይ፣ ለሕፃናት ጡጦ የተሠራችው ትንሿ ወተት ማሞቂያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆማ ትንተከተካለች።

ክንዷ እየለበለባት ክዳኑን ከወለሉ አነሳችው። አምስት ቅጠል ያላት አበባ ተቀርጾበታል፤ አበባዋ መሐል ሰባት ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ከመሳቢያዋ መርፌ አውጥታ አንዱን ነጠብጣብ ወጋችው። መርፌው ቆመ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሞከረች፤ ሰባቱም ድፍን ናቸው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ነቅሎት ሄደ ማለት ነው። ንድፉን ማን እንደሳለው መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ራሷ ናት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የምትሠራበት የንድፍ ቢሮ ባለቤት ፓንግ ስልኩ ላይ አምስት ፎቶግራፎች አሳይቷት ነበር። አንድ ወጣት የፈጠረውን ወተት ማሞቂያ ገና ፋብሪካ ሳያስገባ ማስታወቂያ አውጥቶ ቀድመው የሚያዝዙ ሰዎችን ይመዘግባል። "ባለቤቱ ሳይጨርሰው እኛ ገበያ እናወጣዋለን" አለ ፓንግ። በሼንዠን ከተማ፣ በባዎአን ሰፈር፣ ይህ ነውር አይደለም፤ አንድ ዕቃ በተወደሰ ማግስት እዚያው መንገድ ላይ ያሉ ሃያ ቢሮዎች ቁጭ ብለው ይስሉታል። ሩሚንም ሳለችው። ዕቃውን በእጇ ሳትነካ፣ ፎቶው ላይ የያዘውን ሰው አውራ ጣት ለክታ፣ ከራሷ ጣት ጋር አመዛዝና ቁመቱንም ስፋቱንም አወጣች። ነጠብጣቦቹ ጌጥ መሰሏት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ጎድጎድ አደረገቻቸውና አለፈች።

አውራ ጣቱ የማን እንደሆነም ታውቅ ነበር። ማሞቂያውን የፈጠረው ሊያን ሹዎ፣ ሦስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጦ ሙያ የተማረ ልጅ ነው። "አንድ ነገር ከመሳልህ በፊት ለምን እንደተሠራ ጠይቅ" እያለች የወተወተችው እሷው ናት። አሁን የፈሰሰውን ወተት እያበሰች በራሷ አፈረች። መስረቁስ እሺ፣ ሰው የሰረቀው ነገር ለምን እንደሚያገለግል እንኳ እንዴት አያውቅም? ጨርቁን ጨምቃ ወረወረችና ወደ ፓንግ ክፍል ሄደች።

ፓንግ የፕላስቲክ ጓንት አጥልቆ በሚጥሚጣ የተቀቀለ የዳክዬ አንገት ይግጣል። አጥንቱን የሚተፋው የደንበኞች ትእዛዝ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ነው።

"አለቃ፣ ክዳኑ አይተነፍስም" አለችው። "ነጠብጣቦቹ የእንፋሎት መውጫ ኖረዋል፤ እኔ ደፍኜ ሳልኳቸው። ይኸው፣ ክንዴን ይመልከቱት።"

"ቅባት ተቀቢበት" አለ ቀና ሳይል። "ለመሆኑ እስኪፈላ ምን አስጠበቀሽ? ወተት ለብ ሲል ይጠፋል።"

"እንቅልፍ ያጣች እናት ትረሳዋለች።"

"ስቲከር እንለጥፋለና! 'ሲያሞቁ ክዳኑን ይክፈቱ' የሚል።"

"ከተከፈተ ክዳኑ ለምን ተሠራ?"

"ለማማር ነዋ! አንቺ ደግሞ።" የጓንቱን ጣት ላሰው።

"ሦስት ቀን ይስጡኝ፤ አስተካክለዋለሁ።"

"ሦስት ቀን!" ስልኩን በክርኑ ገፋላት። "ተመልከቺ እስቲ። የታች ፎቁ ቢሮ ሰዎች ናቸው። እኛ ናሙና ከማሳየታችን ኮርጀውን ዛሬ ጠዋት መሸጥ ጀምረዋል። እኛ ሰባት ነጠብጣብ፣ እነሱ ስምንት! አንድ ጨመሩና 'የራሳችን ፈጠራ' አሉት። ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ ሌቦች!"

ሩሚን ፊቱን አየችው። እየቀለደ አልነበረም፤ ከልቡ ተቆጥቷል። ፎቶውን አጉልታ ተመለከተች።

"የነሱም ድፍን ነው።"

"በነሱ ደንበኛ እኔ ምን አገባኝ! ዛሬ ከሰዓት ታን ዎርክሾፕ ሄደሽ ፋብሪካው እንዲያመርት ናሙናው ላይ ፈርሚ። አልፈርምም ካልሽ ነገ ሌላ ሰው ይፈርማል፤ አንቺም ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ።" አጥንት ተፋ። "ልጅሽ ትምህርት ቤት የምትመዘገበው በሚያዝያ ነበር አይደል?"

ሩሚን ከሌላ ክፍለ ሀገር፣ ከሁናን የመጣች ናት። ልጇ እዚህ ከተማ አንደኛ ክፍል እንድትገባ የእናቲቱ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ አንድ ወር ሳይጎድል መቀጠል አለበት፤ ከተቋረጠ ልጅቷ አያቷ ዘንድ ገጠር ትመለሳለች። ፓንግ ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው የዳክዬውን አንገት እየጋጠ የተናገረው። ሩሚን ወጣች፤ የሚጥሚጣው ሽታ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ተከተላት።

ወደ ታን ከመሄዷ በፊት ሁዋቺያንግቤይ ገበያ ከባቡር ወረደች። እውነት መሸጥ መጀመሩን በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጥፍሯን ወርቃማ የተቀባች ሻጭ ማሞቂያዎቹን እንደ ጡብ ደርድራ አገኘቻት።

"ለልጅሽ ነው? ይሄን ውሰጂ፣ ኦሪጅናሉ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ፎርጅድ ነው" አለቻት ሻጯ።

"የማን ኦሪጅናል?"

"የፋብሪካው ነዋ! ከሰማይ የወረደ መሰለሽ?"

ሩሚን ክዳኑን አንስታ መርፌዋን ሰደደችበት። ስምንቱም ድፍን።

"ኧረ እህቴ፣ ዕቃዬን አትውጊብኝ! የማትገዢ ከሆነ እለፊ።"

"ሲፈላ ክዳኑ ይፈናጠራል። ሰው ያቃጥላል።"

"ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሸጫለሁ፤ አንድም ሰው ተቃጠልኩ ብሎ አልመጣም።"

"ገና ዛሬ እኮ ነው የሸጥሽው።"

"እንግዲያስ ነገ ይምጡ!" ሻጯ በራሷ ቀልድ ተንፈቀፈቀች።

ሩሚን ሌሎቹን መደብሮች ዞረች። አረንጓዴ አለ፣ ሮዝ አለ፤ አንዱ ጋ ነጠብጣቦቹ ዘጠኝ ደርሰዋል። አንዱም አይተነፍስም። ሁሉም አበባ የሷ አበባ ናት፤ ሦስተኛዋ ቅጠል በፎቶው ጥላ ምክንያት አጥራ የሳለቻት እንኳ ሳትቀር እንዳጠረች ተቀድታለች። አላዋቂነቷ በሦስት ሳምንት ተራብቶ ከተማውን ሞልቶታል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለሊያን ሹዎ ደወለች።

"እትዬ ሩሚን" አለ። ድምፁ ደረቅ ነው። "ገበያ ላይ አየሁት። አበባዋን ሳይ እጅሽን አወቅኩት።"

"ቀዳዳ መሆናቸውን አላወቅኩም።"

"እኔም ለማወቅ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ሁለቴ እጄን ተቃጥያለሁ። ለምን ደወልሽ? ልትበሺው ነው?"

"ልበሳው ነው።"

"ቀጥ አድርገሽ ከበሳሽው ወተት ይተፋል። አዘንብለሽ ነው የምትበሺው፤ ማዕዘኑን ጻፊ..."

"አትንገረኝ!"

"ሕፃን ከሚቃጠል..."

"አትንገረኝ አልኩህ፣ ሹዎ! ይህቺን ምስጢር እንኳ ለራስህ ያዛት።" ስልኩን ዘጋችው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ያልሰረቀችውን አንድ ነገር እሱ ራሱ በእጁ ሊያቀብላት መሞከሩ ከፓንግም ከሻጯም በላይ አሸማቀቃት።

የታን ዎርክሾፕ የማሽን ዘይት ይሸታል። ታን ስድሳ የሞላቸው፣ ቀልጦ የሚገባው ፕላስቲክ ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት፣ ሞልዱን፣ የሚቆርጡ ባለሙያ ናቸው። በዚህ ሙያ ውል የሚባለው ወረቀት አይደለም፤ መሐንዲሱ በማርከር የፈረመበት ናሙና ነው። ፋብሪካው ናሙናውን አይቶ ያንኑ ይደግማል። ናሙናው ላይ ፀጉር ተጣብቆ ቢገኝ ፓንግ ባዘዘው ስምንት ሺህ ዕቃ ሁሉ ላይ ፀጉር አምርቶ ያስረክባል።

"ማርከሩ እዚያ ነው" አሉ ታን በአገጫቸው እያመለከቱ። "ፓንግ ሦስቴ ደውሏል።"

"ጋሽ ታን፣ መጀመሪያ ትራፓኖውን ያውሱኝ።"

ባለ አምስት ሚሊውን መሰርሰሪያ ገጠመች፤ የናሙናውን ክዳን አጋድማ አበባዋን ልክ መሐሏ ላይ በሳቻት። ነጭ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

"ውይ! ምን ነካሽ ልጄ? የአበባይቱን ዓይን አወጣሽው እኮ!"

ሩሚን ወተቱ እንዳይረጭ ከቀጭን ቱቦ ጣት የምታክል ቁራጭ ቆርጣ ቀዳዳው ላይ አቆመችና ዙሪያውን አጣበቀችው። ታን ከምሳቸው የተረፈ የአኩሪ አተር ወተት ነበራቸው፤ ያንን ጨምራ ማሞቂያውን አበራችው። ሁለቱም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ጠበቁ። ወተቱ ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ በቱቦው ሽቅብ ተነፈሰ፤ ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ አፈላችው።

"ይሠራል" አሉ ታን። ክዳኑን አንስተው ከግራ ከቀኝ አገላብጠው አዩትና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ግን አስቀያሚ ነው። አፍንጫ የበቀለባት አበባ!"

"ያስጠላል አይደል?"

"ሲያስጠላ! ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከየትም። የኔ ነው። ስንት ዓመቴ ከራሴ አንድ ነገር ካወጣሁ።"

"መቼም የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የራስሽ ደግሞ ይኸው፣ ቆርቆሮ!" ሳቁና ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። "ፓንግ ያየ ዕለት ቆዳሽን ይገፍሻል።"

"እሱ ከማየቱ በፊት ሞልዱን ይቆርጡታል?"

"ለቀዳዳው አንድ ፒን፣ ለቱቦው አንድ ቀለበት ነው። እስከ ማታ ያልቃል። ፊርማ ካለ እኔን ማን ይጠይቀኛል? የሚጠየቀው ፈራሚው ነው።"

ማርከሩን አንስታ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ስሟንና ቀኑን ጻፈች። ታን ናሙናውን በላስቲክ ከረጢት ሊከቱት እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አልለቀቀችላቸውም። የፓንግ ስምንት ሺህ ይተነፍሳል፤ ባለ ስምንቱስ? ባለ ዘጠኙስ? እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በወርቃማ ጥፍር ለእናቶች የሚታደለውስ?

"ቆይ አንዴ" አለች።

መስኮቱ ጋ ወስዳ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ዘንበል አድርጋ፣ አፍንጫው ጎልቶ እንዲታይ ፎቶ አነሳችው። ስልኳ ላይ የሙያው ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን አለ፤ አራት መቶ ሰው አለበት፤ አንዱ ሌላውን ለመሰለል ካልሆነ በቀር ማንም ለቁም ነገር አይገባበትም። ያልተሸጠ የአለቃ ናሙና እዚያ የለጠፈ ሠራተኛ በማግስቱ እንደሚባረር የማያውቅ የለም። ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። በሚያዝያ ስለሚሞላው ቅጽ፣ የትምህርት ቤቱ በር ስለሚዘጋባት ልጇ አሰበች። ቀጥሎ የሚለበልባትን ክንዷን አየች። የሕፃን ፊት ከዚህ ክንድ ስንት እጥፍ ይሳሳል?

ጻፈች፦ "የፓንግ አዲሱ ሞዴል። ዓርብ ይወጣል። ለማንም እንዳታሳዩ።"

ላከችው።

"ምን ላክሽ?" አሉ ታን።

ወዲያው ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። አንዱ ቱቦው ከምን እንደተሠራ ጠየቀ። ሌላው ፎቶውን ከጎን እንድታሳየው ለመነ። የታች ፎቁ መሐንዲስ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ "ቀዳዳው ስንት ሚሊ ነው?" አለ።

ሩሚን ጽፋ መለሰችለት፦ "አምስት። እስከ ታች የተበሳ።"