የተገለበጠችው ቁራጭ

«ታዲያ ምን ሊያለብሳት ኖሯል? ቆዳ ነዋ!» አለች አክስትየዋ፣ ስኒዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «ወንድሜ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ከቆዳ ሌላ ነገር መኪና ላይ ሰፍቶ አያውቅም። ይኸው ዓርብ ማታ የጥርስ ሐኪሙን መኪና ጨርሶ አስረከበ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ...» የቀረውን መሀረቧ ውስጥ ተናገረችው።

ቡና እየቀዳች የነበረችው የሟቹ ልጅ እጇ ደርቆ ቀረ። ሥራው ዓርብ ማለቁን ገና መስማቷ ነበር። ስኒው ሞልቶ ወደ ሳህኑ ሲፈስ ነው ፔርሙዙን ቀና ያደረገችው።

«እስቲ አረፍ በይ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል» አሏት አንዲት ጎረቤት።

«አልደከመኝም» አለች። ደክሟት ነበር። ቁጭ ካለች ግን ሰዎች አባቷ ምን ያህል ይወዳት እንደነበር ሊነግሯት ነው፤ እሱን የምትሰማበት አንጀት አልነበራትም።

ሰፈሩ የሚያውቃት መርፌ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነበር፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ስለምትወጋ። አሥራ አንድ ዓመት በመኪና ወንበር ማልበሻ ሱቁ አብራው ሠርታለች። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ልብስ ላይ የማይለቅ የማስቲሽ ሽታ፤ ሱቁ ይኸው ነው። ቀን ቀን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ማታ መዝጊያውን አብረው ይጎትቱና እሱ ወደ ቤቱ፣ እሷ ወደ ተከራየችው ክፍል ይለያያሉ።

ከቀብር የተመለሰው ሰው ሳሎኑን ሞልቶታል። አራት ሰው ተጣቦ የተቀመጠበት ትልቁ ሶፋ እውነቱን ለመናገር የአሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ነው። ሟቹ ቡናማ ቆዳ አልብሶ፣ እግር ገጥሞለት፣ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ ለሚስቱ ያመጣላት ስጦታ ነበር። ከተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ ሐዘኑና ድካሙ ተደራርቦባቸው ሳያስቡት ቀበቶውን አስረዋል። በሌላ ቀን ቢሆን መርፌ በሳቅ በፈረሰች።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና ስልኳን አወጣች። ዓርብ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። «አባዬ»፣ ያልተነሳ ጥሪ። እያየችው ነበር ሲጮህ የቆየው። ይጩህ ብላ ነበር የተወችው።

አሁን ለምን እንደደወለ ገባት። የሰፋችውን ሁሉ ተርትሮ፣ መኪናዋን ቆዳ አልብሶ፣ «ይኸው፣ አየሽ!» ሊላት ነበር። ማለትም ተቆጥቶባት ነው የሞተው። ይህን ስታስብ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። አባቷ ጉልበቱን ታሞ ሁለት ቀን ከቤት ሲውል የጥርስ ሐኪሙ መኪናውን ይዞ ሱቅ መጣ። መኪናዋ ባለሁለት ወንበር፣ ከመሬት እምብዛም የማትርቅ የስፖርት መኪና ናት። አባቷ በሌላ ጊዜ አይቷት «እዚህች ውስጥ ሰው አይገባም፣ ይወድቃል እንጂ» ብሎላት ያውቃል። ሐኪሙ በሥራ ቀን የሰው ጥርስ ይነቅላል፤ እሑድ እሑድ ከከተማ ውጭ ባለው የውድድር መንገድ ላይ ይበራል።

«ቆዳው ኩርባ ላይ ያንሸራትተኛል» አላት። «ፀሐይ ላይ ከቆመች ደግሞ ጭኔን ይጠብሰኛል። ዳሽቦርዱም ያብለጨልጭብኛል። ሌላ ነገር የለም?»

ሌላ ነገርማ ነበር። መርፌ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረችው፣ አባቷ ግን ሱቁ ውስጥ አላስገባም ያለው ሰው ሠራሽ ሱዌድ። እንደ ከፋይ የለሰለሰ፣ ቀላል፣ የተቀመጠበትን ሰው ያዝ የሚያደርግ ጨርቅ ነው። አባቷን ሳትጠይቅ ሥራውን ተቀበለች፣ ጨርቁን ገዛች፣ ቆረጠች። ረቡዕ እሱ እያነከሰ ሲመጣ የሹፌሩ ወንበር አልቆ፣ የሁለተኛው ወንበር መደገፊያ መሀል ላይ አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀርታ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሱዌድ ነው አባዬ።»

«ጨርቅ ነው በይ! ማነው የፈቀደልሽ?» መዳፉን ወንበሩ ላይ ጎተተና ጨርቁ እጁ ባለፈበት ሲጠቁር አየ። «ይኸው! ሲነኩት እንኳ መልኩን ይቀያይራል። ከአምስት ዓመት በኋላ እንደ አሮጌ ካፖርት ክርን ነው የሚላጠው።»

«ጠጉሩ ስለሚተኛ እኮ ነው። አቅጣጫ አለው፣ ሁሉም ቁራጭ ወደ ታች...»

«አቅጣጫውን ለራስሽ! ከእኔ ቤት ጨርቅ ለብሳ የምትወጣ መኪና የለችም!»

እሷም መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና፣ አሁን ጆንያው ላይ ተቀምጣ ልትውጠው ያልቻለችውን ቃል ተናገረች። «እንግዲያው ቆዳህን ታቅፈህ ሙት!»

በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ይህን ለማንም አልነገረችም። ልቡ ቀድሞም የሚያስፈራራው ሰው እንደነበር፣ ሐኪም ሁለት ጊዜ እንዳስጠነቀቀው ሁሉም ያውቃል። መርፌም ታውቃለች። ማወቋ ግን አልጠቀማትም።

ከበሩ ወዲያ አክስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ተሰማት። የአክስቷ ሹክሹክታ ሦስት ክፍል ያቋርጣል። «ረቡዕ ተጣልተው ነበር አሉ። ልጅቱ ጥላው ሄዳ፣ ያንን ሁሉ ሥራ ብቻውን... እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም።»

«ካላልሽማ ዝም በይ» አለች እናቷ።

እናቷ ሌላ ጊዜ እንዲህ አትመልስም። ትንሽ ቆይታ ወጥ ቤት ገባች፤ ልጇን ጆንያው ላይ አየቻትና አጠገቧ በተደፋው ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ዓርብ ሲመጣ ምን ይመስል ነበር?» አለች መርፌ።

«አምሽቶ መጣ። ቆሞ በላ።» እናቷ አሰብ አደረገች። «ብቻውን ይስቅ ነበር። ምን ያስቅሃል ስለው፣ በስተርጅና ተማሪ ሆንኩ አለኝ። ጉልበቱን አሽቼለት ተኛ። ሌላ ምንም አላለኝ።»

መርፌ ነገሩን እንደ ድል ሳቅ ወሰደችው። ተማሪ ሆንኩ ያለውም በእሷ ላይ መሾፉ መሰላት፤ ትምህርት ሰጠኋት ማለቱ ነው ብላ አዞረችው። የበደለ ሰው የሰማውን ሁሉ በራሱ ላይ ነው የሚፈርድበት።

ያን ቀን ማታ፣ እንግዳው ሲሳሳ፣ የልጅነቷ ነገር መጣባት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ አንድ ሙሉ ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኗን በመዳፉ ጨፍኖ፣ እጇን በቆዳው ላይ ያስኬዳል። «እዚህ ጋ ምን አገኘሽ?» «ጭረት።» «እሾህ ነው። እዚህስ?» «ጉድጓድ።» «መዥገር ነው። ይሄ ከብት ኖሮበታል፣ ገባሽ?» ከዚያ ለልክ የሚጠቀምባቸውን የካርቶን ቅዶች ያወጣና ጠባሳውን ለማምለጥ እያዞረ፣ እየገለበጠ፣ አንዱን ቅድ ሽቅብ አንዱን ቁልቁል ይደረድራቸዋል። አንድ መዳፍ እንኳ የሚያህል ቆዳ አይባክንበትም ነበር። «ዋናው ማምለጥ ነው፤ ሽቅብ ሆነ ቁልቁል ቆዳው ግድ የለውም» ይላት ነበር። ያኔ በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አልነበረም።

ሰኞ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሞተር ሰፈሩን አንቀጥቅጦ በሩ ላይ ጠፋ። የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ደማቅ ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሐፍረት ተኮማትሮ ገባ።

«እግዜር ያጥናችሁ። አልሰማሁም ነበር እኮ! ሱቅ ሄጄ ዝግ ሲሆንብኝ ጎረቤቶቹ ናቸው የነገሩኝ። ይሄንን ሸሚዝ ይቅር በሉኝ።»

አስቀመጡት። ቡና ሰጡት። ስኒውን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ መለሰው።

«ሱቅ ለምን መጡ ዶክተር?» አለች መርፌ። «ሥራው አልቆ የለም እንዴ?»

«ሰኞ ይዘሃት ና ብለውኝ ነው። አንቺ እንድታያት። ዓርብ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ ልጄ ትመርምረው፣ ስህተት ካለበት እሷ ታውቃለች አሉኝ።»

አክስትየዋ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔ ቆሜ ነው የደወሉልሽ» ብሎ ቀጠለ ሐኪሙ። «ሳታነሺ ስትቀሪ ሳቁ። አኩርፋለች፣ ኩርፊያዋ ግን ከሰኞ አያልፍም አሉ።»

መርፌ ምን እንደያዘች አላወቀችም፤ ፔርሙዙን ይዛ ነው የወጣችው። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርዳ የመኪናዋን በር ከፈተች።

ቆዳ አልነበረም።

የሹፌሩ ወንበር እሷ እንደሰፋችው አለ። ሁለተኛውም ሱዌድ ለብሷል፣ ባዶ የነበረው የመደገፊያው መሀልም ተሞልቷል። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጥብቅ ያለ፣ ሌላ ማንም ሊሰፋው የማይችል የአባቷ ስፌት ነበር። ያቺ የመሀሏ ቁራጭ ብቻ ከሌሎቹ ጠቆር ብላ ትታያለች።

«እሷን እንኳ ልጠይቅሽ ነበር» አለ ሐኪሙ ከኋላዋ። «አሁን ጊዜው አይደለም፣ ግን... ከሌላ ጨርቅ ናት እንዴ?»

መርፌ መዳፏን ቁራጯ ላይ ወደ ታች ጎተተች። ሻከረባት። ወደ ላይ ስትጎትት ለሰለሰ።

ተገልብጣ የተቆረጠች ናት። አባቷ ጨርቁን አንስቶ፣ የካርቶን ቅዱን ይዞ፣ እንዳይባክን እንዳይባክን እያለ እንደ ቆዳ አዙሮ፣ ሽቅቡን ቁልቁል አድርጎ ቆርጧታል። መርፌ ብትሞት የማትሠራው ስህተት ነው። እንዲህ የሚሳሳት አርባ ዓመት ቆዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ብቻ ነው። ሱዌድ ሲቆርጥም የመጀመሪያው ቀን መሆን አለበት።

«በስተርጅና ተማሪ!» አለች ጮክ ብላ፣ እና ሳቀች።

እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ትስቃለች። ሐዘንተኛው በረንዳው ላይ ወጥቶ ተደርድሮ ያያታል። አክስትየዋ «ኧረ ልጅቱን ያዟት፣ ለቀቀች!» ብላ ልትወርድ ስትል እናትየዋ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት። መርፌ ሦስት ቀን ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሳላት ይታወቃታል። አባቷ ተቆጥቶ አልሞተም። የእሷን ሥራ ጨርሶላታል፣ ያውም አበላሽቶ፣ ያውም እንድታርመው ቀጥሯት።

«እማዬ፣ ነይ እይ! አባዬ ገልብጦ ቆርጦታል!»

እናቷ ቀስ ብላ ወረደች። ስለ ጨርቅ የምታውቀው ነገር የለም፤ ወንበሩን ሳይሆን የልጇን ፊት አየች። «አዎ» አለች፣ «ዓርብ እንዲህ ነበር የሚስቀው።»

መርፌ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሥራ ሥራ ነውና ድምፅዋን አስተካከለች። «ስህተት አለበት ዶክተር። በሚቀጥለው ሳምንት ያምጧት፣ በነፃ እቀይርልዎታለሁ።»

ሐኪሙ ቁራጯን ጎንበስ ብሎ አያት፤ የሰው ጥርስ ሲያይ እንደሚያደርገው አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ።

«ተያት» አለ። «ጥርስም ቢሆን እንደዚያው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆን ሰው ሠራሽ ነው ይሉታል። አንዱ ጠቆር ካለ የባለቤቱ እንደሆነ ያስታውቃል።»

መርፌ ፔርሙዙን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠች። አንድን ሥራ ጨርሳ ስታስረክብ እንደምታደርገው፣ የወንበሩን ሱዌድ በመዳፏ አንድ በአንድ ወደ ታች እየጎተተች አስተኛችው፤ ጎኖቹን፣ የራስ መደገፊያውን፣ መቀመጫውን። መሀል ላይ ስትደርስ እጇ ቆም አለ። ከዚያ ያቺን አንዷን ብቻ፣ አባቷ እንደቆረጣት፣ ወደ ላይ ዳበሰቻት።