የታጠፈው ሽርጥ

ንዴት ቶሎ ይይዘኛል። ላሊበላ ባለ ሆስፒታል ራጅ ማንሳት ከጀመርሁ አራት ዓመቴ ነው፤ በር ላይ የሚጋፋውን ሁሉ፣ ዶክተሩንም ጭምር፣ ስቆጣ ነው የምውለው። ክፍሉን የሚያጸዱትን እትዬ አመተ ጊዮርጊስን ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ራጅ ሲነሳ አልረጋ ያለ ሕፃን እናቱ ትይዘዋለች፤ እናቱ ከፈራች እኔ እይዘዋለሁ። ያን ጊዜ ከጨረሩ የሚከልለን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ነው፤ ያለንም አንድ ብቻ። ሥራ ሲያልቅ እትዬ እንደ ቅዳሴ ልብስ አክብረው፣ አራት ላይ አጥፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል።

እርሳስ ግን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ተሰቅሎ ነው መቀመጥ ያለበት። ይህን ተማሪ ሳለሁ ነው ያወቅሁት። መጀመሪያ ሲያጥፉት ባየሁ ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና ይሉኝታ ያዘኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ያሰናዱትን ዕቃ ማረም ነውር መሰለኝ። “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ አለፍሁት። ነገ ነገ ስል አራት ዓመት ሄደ።

በጥር አረገዝሁ፤ ሰባት ዓመት ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከጠናሁ በኋላ። ከባሌ ከደርበው በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ሽርጡን ተማምኜ ሕፃናት መያዜንም አልተውሁም።

በሦስተኛው ወር ለፅንሱ ሰግቼ ሽርጡን ራሱን ራጅ አነሳሁት። በየዓመቱ መደረግ ያለበት ነው፤ እኔ ግን አድርጌው አላውቅም። ነጭ ሆኖ መታየት በነበረበት ላይ ሁለት ጥቁር የስንጥቅ መስመር ወጣ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ልክ በሆዴ ትይዩ።

ደሴ ላለ የጨረር ባለሙያ ደወልሁ። ስንት ሕፃን እንደያዝሁ ጠይቆ፣ “የደረሰሽ በጣም ትንሽ ነው፤ በዚህ መጠን ፅንስ ይጎዳል አንልም። ከእንግዲህ ግን እንዳትይዢ” አለኝ። አመንሁት፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

እትዬ ሽርጡን ሊያጥፉ ሲያነሡት ከእጃቸው ተቀበልኋቸው።

“ይህ ይሰቀላል እንጂ አይታጠፍም፣ እትዬ። ታጥፎ ታጥፎ ተሰነጠቀ። እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ።”

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። “እኔ ነኛ የጎዳሁሽ?”

“አይደሉም። ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። እርስዎን ማረም አፍሬ ነው።”

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ምነው ልጄ” አሉኝ፤ “እኔ ባኮርፍ ለአንድ ቀን አልነበር? ለዚህ ብለሽ ልጅሽን መያዣ ታደርጊያለሽ?”

ሽርጡን እንደታቀፍሁ አለቀስሁ። እሳቸውም ተነሥተው ሽርጡን ወሰዱና፣ መስቀያ ሚስማር ፍለጋ ወጡ።