ወገብ ላይ ማር፣ እጅ ላይ እሬት

ቡፎርድ በሽጉጥ ሱቁ ውስጥ የዴልመርን መዳፍ እንደ ጓንት ሻጭ ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ላንተ አይሆንም ወንድሜ። በዚህ እጅ ስትይዘው እኮ ማስቲካ የያዝክ ነው የሚመስለው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ዴልመር፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

«ለጀማሪ ወፈር ያለ እጀታ ነው የሚሻለው። ደግሞ ቦርጭ አለህ፤ አትቀየመኝ። ቦርጫም ሰው ከፊት ከታጠቀ ቁጭ ባለ ቁጥር እምብርቱን ይወጋዋል። ወደ ጎን፣ እዚህ ጋ...» ቡፎርድ ከባንኮኒው ተሻግሮ የዴልመርን ቀበቶ ጎተት ጎተት አደረገ። ዴልመርም እንደሚለካ ሙሽራ እጁን ከፍ አድርጎ ቆመለት።

ትሬሳ ቦርሳዋን ታቅፋ ሁለቱንም አየቻቸው። ሱቁ ውስጥ ስትገባ «ለጀማሪ የሚሆን፣ ቀኑን ሙሉ በልብስ ሥር ቢታጠቁት የማይቆረቁር ሽጉጥ እፈልጋለሁ» ብላ የተናገረችው እሷ ነበረች። ቡፎርድ ግን ቃሉን ከእሷ አፍ ተቀብሎ መልሱን ለባሏ ይሰጥ ጀመር። ዴልመር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ የሚያርም ሰው አይደለም፤ ይዝናናበታል።

«ቡፎርድ» አለች በመጨረሻ። «የሚታጠቀው እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«አንተ የሱን ቦርጭ ስታመቻች ከፊትህ ቆማ የምታይህ ሴት ናት።»

ቡፎርድ እስከ ጆሮው ቀላ። የዴልመርን ቀበቶ እንደ ጋለ ብረት ለቀቀውና ጥፋቱን ለመካስ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ሽጉጥ አወጣ። እጀታው ሮዝ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሴቶች ይወዱታል።»

«የትኞቹ ሴቶች?»

ቡፎርድ አሰበ። «እስካሁን የገዛችው የለችም» አለና መልሶ ከተተው።

ነገሩ ለትሬሳ የቀልድ አልነበረም። ለዓመታት በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ድንች ስትልጥ ኖራ፣ በመጨረሻ የራሷን ሥራ ይዛለች፤ ለሽያጭ የሚቀርቡ ባዶ ቤቶችን ታጸዳለች። ቁልፍ ይሰጧታል፤ ባልዲዋን ይዛ ገብታ፣ የሰው ትዝታ የተለጠፈበትን ግድግዳ አጥባ፣ እንደ አዲስ አድርጋ ትወጣለች። ብቻዋን፣ ሬዲዮዋን ከፍታ፣ አለቃ ሳይኖርባት። ትወደዋለች። ባለፈው ወር ግን በአሮጌው የወፍጮ መንገድ ካለ ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚቀመጥበትን ቁም ሳጥን ስትከፍት አንድ ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብርድ ልብሱን አቅፎ «ይቅርታ እመቤቴ» ብሏት በጓሮ በር ሮጠ። ከሷ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነበር፤ ምንም አላደረጋትም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ የትሬሳ እጅ የበር እጀታ ማዞር እምቢ አለ።

ዴልመር ኦሃዮ ወንዝ ላይ በጭነት ጀልባ ይሠራል። እረፍት ላይ ስለነበር በየቤቱ እየተከተላት በር ላይ ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያንጎላጅ ከረመ። ሰኞ ግን ጀልባው ይጠብቀዋል፤ አንዴ ከሄደ ወር ሙሉ አይመለስም። ትሬሳም ለራሷ ነግራታለች፤ እስከ ሰኞ ካልደፈረች ቁልፎቹን ትመልሳለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሷም ሽጉጥ ልትገዛ መጣች።

«እንግዲህ ታጥቀሽ ሥራሽን ሥሪና እንየው» አላት ቡፎርድ። አንድ ትንሽ ሽጉጥ ከፍቶ ጥይት አለመኖሩን አየ፤ እሷም እንድታይ አደረገ፤ ቃታውን ሸፍኖ በሚይዝ ጠንካራ ማህደር ውስጥ ከቶ ሰጣት። ትሬሳ ወገቧ ላይ ሻጠችው። ተንበረከከች፣ በባንኮኒው ሥር ገባች፣ ወጣች። ዓሣ ማጥመጃ ክር ሊገዙ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ክራቸውን ረስተው ይመለከቷታል።

«ምንም አይሰማኝም!» አለች ከባንኮኒው ሥር። «እንደ ቁልፍ ነው የቀለለኝ። ይሄ ነው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ተኩሺው።»

ከሱቁ ኋላ አፈር የተከመረበት የተኩስ መለማመጃ አለ። የጆሮ መሸፈኛ አደረጉላት። ትንሿ ሽጉጥ ጮኸችና እንደ በቅሎ ተራገጠች። ትሬሳ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል ጊንጥ የነደፋት መሰላት። ደገመች። በሦስተኛው ላይ ቡፎርድ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትተኩሺው።»

«የማየው ነገር አለ እንዴ? ዒላማው እንደሆነ ከቦታው አልሄደም።»

«ጥይቱም ወደሱ አልሄደም» አለ ዴልመር።

ቡፎርድ ዘለግና ከበድ ያለ ሌላ ሽጉጥ አቀበላት። ትሬሳ ፊቷን አስቀድማ አጨማዳ ተኮሰች። ይሄኛው አይራገጥም፤ ገፋ ያደርግና ይመለሳል። ሳታስበው ዓይኗን ገለጠች። ጨርሳ ስታየው የጥይቱ ቀዳዳዎች በሙሉ በአንድ የስኒ ማስቀመጫ የሚሸፈኑ ናቸው።

«አሃ!» አለ ቡፎርድ። «ክብደቱ ነው ርግጫውን የሚውጥልሽ። ትንሽ ሽጉጥ ለወገብ ደግ ናት፤ ለእጅ ግን ጨካኝ ናት። ትልቁ ደግሞ ተቃራኒው ነው።»

ሱቁ ውስጥ ተመልሰው ጥይቱ የወጣለትን ትልቁን ከነማህደሩ ወገቧ ላይ አድርጋ ጎንበስ ስትል፣ ባለ ላስቲኩ የሥራ ሱሪዋ ሽጉጡን ተከትሎ ቁልቁል ጉዞ ጀመረ። ትሬሳ በሁለት እጇ ቀለበችው። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ዴልመር ግን መደርደሪያ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ሌባው ቢመጣ... ሌባው ቢመጣ እኮ እጅ ወደ ላይ ማለት አትችይም! እጅሽ ሥራ ላይ ነው!»

ትሬሳ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰቀለች፤ አንገቷንም አብራ። «ትንሿን ስጠኝ።»

«ትሬሳ» አለ ቡፎርድ በለሆሳስ፣ «እሷ እኮ ሲታጠቋት ማር፣ ሲተኩሷት እሬት ናት።»

«እለምዳታለሁ።»

ሰው ሲሳቅበት የሚገዛው ዕቃ መቼም አይበጀውም።

በማግስቱ እሁድ ነው። ትሬሳ በሰፊ ሹራቧ ሥር ትንሿን ታጥቃ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቀኝ እጇ ላይ ጠቆር ያለ ሰንበር ወጥቷል። ደረጃውን ስትወጣ ሰው ሁሉ ወገቧን የሚያይ መሰላት፤ ማንም አላያትም። በሩ ላይ ግን እትዬ ኦሌታ ቆመዋል።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን በእትዬ ኦሌታ ሳይታቀፉ መግባት የለም። አጭር፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ የላቬንደር አበባ ዱቄት የሚሸቱ አሮጊት ናቸው፤ እቅፋቸው ከአንገት ይጀምርና ወገብ ዞሮ ያልቃል። ትሬሳን አቀፏት። ጆሮዋ ሥርም እንዲህ አሏት፦

«ትንሿን ነው አይደል የገዛሽው?»

ትሬሳ ክው አለች። «ምኗን?»

«ተይ ልጄ። እኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ የማላውቀው ወገብ የለም። ዲያቆን ክላይድ ከኋላው ይታጠቃል፤ ለዚህ ነው ስብከት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው። ፓስተሩ ለቃሉ ያለው ትጋት ይመስለዋል። ቡፎርድ በግራ ብብቱ ሥር ነው። የመዘምራኑ መሪ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አድርጋለች።»

«ቁርጭምጭሚት ድረስ ያቅፋሉ እንዴ?»

«ደረጃ ስትወጣ አንድ እግሯን ትጎትታለች። ዓይንስ ለምን ተፈጠረ?»

«እርስዎስ የት ነው?»

«እቀፊኛ።»

ትሬሳ አቀፈቻቸው። ሹራብ፣ የጎን አጥንትና ላቬንደር እንጂ ሌላ አላገኘችም። «የለም» አለች።

«አለ። ደግመሽ እቀፊ።»

ከኋላ ሰልፉ ቆሟል። «እኛም ወረፋ ይድረሰን እንጂ!» አለ ዴልመር።

ከስብከቱ በኋላ ሕዝቡ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ በትሪ የተጋገረውን ዶሮና የበቆሎ ዳቦውን ሲከብ፣ እትዬ ኦሌታ ትሬሳን በክንዷ ይዘው ወደ ሴቶች መታጠቢያ ቤት አስገቧት። በሩን ዘግተው ሹራባቸውን ገለጥ አደረጉ። ከወገባቸው ፊት ለፊት፣ እንደ ጣውላ በማይተጣጠፍ ሰፊ ቀበቶ ላይ፣ በማህደሩ ተለጥፎ የተቀመጠው ሽጉጥ ትሬሳ በስኒ ማስቀመጫ የሚሸፈን ቀዳዳ የሠራችበት ዓይነት ነው።

«እንዴት አልተሰማኝም?»

«ስለማይነቃነቅ ነዋ። የሚያሳብቀው የሚወዛወዝ ነገር ነው። ትናንት ሱሪሽ ወደቀ አሉኝ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ያልነገረኝ አለ? ሽጉጡ ምን በደለሽ? ያዋረደሽ ቀበቶ የሌለው ሱሪ ነው። አሁን እጅሽን አሳዪኝ።» ሰንበሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «በዚች ሽጉጥ ሦስት ጊዜ ተኩሰሻል። አራተኛውን መቼ ትተኩሻለሽ?»

ትሬሳ እጇን ከአሮጊቷ መዳፍ አወጣች። ከትናንት ጀምሮ ትንሿን ባየች ቁጥር እጇ ወደ ኪሷ እንደሚሸሽ ለማንም አልተናገረችም።

«እንግዲያው አትለማመጅባትም» አሉ እትዬ ኦሌታ። «የማይለማመዱበት ሽጉጥ ደግሞ ተሸክመሽው የምትዞሪው ብረት ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሽጉጥ የቁም ሳጥን መክፈቻ አይደለም። ባዶ ቤት ስትገቢ የውጭውን በር ክፍት ተዪው፤ ድምፅሽን አሰሚ፤ ሰው ካለ ዞረሽ ውጪና ፖሊስ ጥሪ። ሽጉጡ መውጫ ላጣሽበት ቀን ነው፤ ያ ቀን እንዳይመጣ እጸልይልሻለሁ። በይ ነይ፣ ቡፎርድን ጣፋጭ ፓዩ ላይ እናገኘዋለን።»

ቡፎርድ አፉን ሞልቶ አገኙት። ነገሩን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። «ሰንበት ነው እትዬ ኦሌታ። በሰንበት አልሸጥም።»

«ማን ሽጥ አለህ? ለውጥላት ነው ያልኩህ።»

«መለወጥም ያው ንግድ ነው።»

«ይሁን። ፓስተሩ ባለፈው ሰንበት ከሰዓት በኋላ አዲስ የዓሣ መንጠቆ ከየት እንዳገኘ ልጠይቀው?»

ቡፎርድ ሁለተኛ ፓዩን ወደሚቆርሰው ፓስተር አየ፤ ወደ አሮጊቷ አየ፤ ከኪሱም ቁልፉን አወጣ።

ሱቁ ተከፍቶ የግዢው ወረቀት እንደገና ተሞላ። ትሬሳ ከትልቁ ሽጉጥ ጋር ጠንካራ ቀበቶ ይዛ ወጣች። አመሻሹን ጂንሷን ለብሳ፣ ባዶውን ሽጉጥ ታጥቃ የራሷን ኩሽና ወለል በጉልበቷ ዞረችው። መጀመሪያ ሆዷን ሲቆነጥጣት ወደ ግራ ገፋችው፤ ሲተዋት ደግሞ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ገባች። ዴልመር ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። አልሳቀም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ «ቢቀርስ?» ሊል አፉን ከፍቶ ሁለቴም ቡና ጠጣበት።

ሰኞ ጠዋት ተራው የደረሰ ሌላ ባዶ ቤት በር ላይ አቆሙ። ሻንጣው ፒክአፑ ላይ ተጭኗል።

«አብሬሽ ልግባ?»

«አይሆንም» አለች ትሬሳ፣ ባልዲዋን እያወረደች።

የውጭውን በር ከፍታ ተወችው። «ሰው አለ?» ብላ ጮኸች። ባዶው ቤት ድምፅዋን መለሰላት። ሳሎኑን አየች። መኝታ ቤቶቹን አየች። ከዚህኛው ቤት የልብስ ማጠቢያ ቁም ሳጥን ፊት ስትደርስ እግሯ ቆመ። ነጭ በር ነው፤ እጀታው ከነሐስ። ወገቧ ላይ ያለው ክብደት ከቦታው አልተነቃነቀም። እጇን ወደሱ አልሰደደችም። «ሰው ካለህ ተናገር፤ እኔ እወጣለሁ» አለች በሩን። በሩ ዝም አለ። ትሬሳ ሰንበር ባለበት እጇ እጀታውን አዞረች።

አንድ የሕፃን ቦት ጫማና የሸረሪት ድር።

ጫማውን አንስታ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሬዲዮዋን ከፈተች፤ ባልዲዋን ሞላች፤ ተንበርክካም ኩሽናውን ከዳር ጀመረች። ግማሽ ከደረሰች በኋላ ቀና ስትል ዴልመር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወለሉ መሃል ቆሟል።

«መኪናው ውስጥ ሆኜ የጮኽሽ መሰለኝ» አለ።

«ከሬዲዮው ጋር እየዘፈንኩ ነው።»

«እሺ... ሆድሽን አልወጋሽም?»

«አልወጋኝም።»

«ቁም ሳጥኑንስ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ብቻሽን?» ዴልመር ኮፍያውን አዟዟረ። «እኔ የምልሽ፣ ይህን አንድ ጉዞ ብቀርስ? ለጀልባው ሌላ ሰው አያጡም። ምናልባት የሚያስቸግርሽ ሰው ቢመጣ ብዬ እኮ ነው።»

ትሬሳ ጨርቁን ባልዲው ላይ ጨመቀች።

«ዴልመር፣ እዚህ ቤት እስካሁን ያስቸገረኝ ሰው አንድ ነው፤ እሱም ገና ያልደረቀ ወለል ላይ ቆሟል።»